ብሔራዊ ባንክ የአክሲዮን ዋጋ ሊጠብቅልን ይገባል ወይ?

የማክሮ ኢኮኖሚክስ ኮርስ የወሰደ የክፍላችን ተማሪ ሁሉ ይህችን ጥያቄ ያውቃታል። ማዕከላዊ ባንክ የአክሲዮን ገበያው ከልክ በላይ ሲግል ሊያቀዘቅዘው፣ ሲወድቅ ደግሞ ሊደግፈው ይገባል ወይስ አይገባም? እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ጥያቄዋ የሰው አገር ጥያቄ ነበረች። ስለ አሜሪካና ስለ ጃፓን አንብበን፣ ለፈተና ሁለት ገጽ ጽፈን፣ ነጥባችንን ይዘን እንወጣለን። በቃ። የሚሸጥበትና የሚገዛበት ገበያ በሌለበት አገር "የአክሲዮን ዋጋ" ምን ሊሆን ነው?

ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በአዲስ አበባ ደወሉን ሲያሰማ ጥያቄዋ ወደ ቤታችን ገባች። በዚያው ዕለት ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ኩባንያ ሆነ፤ ቀጥሎም ጋዳ ባንክ ገባ። በእርግጥ ለአገራችን ፍጹም አዲስ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ አንድ የአክሲዮን ግብይት ቡድን ተቋቁሞ እስከ አብዮቱ ድረስ ሠርቷል፤ ይህንን ያቋቋመውና ያስተናገደው ራሱ ብሔራዊ ባንክ ነበር። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ባንኮችና ኢንሹራንሶች ሲወረሱ ነገሩ ሁሉ አከተመ። ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ዝም ተባለ። እንግዲህ አሁን እንደገና ስንጀምር ብሔራዊ ባንክ ከገበያው ምን ያህል ይራቅ፣ ምን ያህል ይቅረብ የሚለውን ከወዲሁ መነጋገር ያለብን ይመስለኛል።

በእኔ እምነት ብሔራዊ ባንክ የአክሲዮንን ዋጋ ከፍ ወይም ዝቅ ለማድረግ ማነጣጠር የለበትም። ይህን ስል ግን ብሔራዊ ባንክ የአክሲዮንን ዋጋ አይነካም ማለቴ አይደለም። ይነካል፤ ሳይፈልግም ይነካል። መንካትና ማነጣጠር የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ልዩነቱን ለማስረዳት ከማውቀው ነገር ብነሳ ይሻላል። የተወለድኩት ወረታ ነው። ለማታውቋት፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው፤ የፎገራ ላም ከሚባለው ሌላ አሁን ሜዳውን ያስጠራው ሩዝ ነው። ከተማዋን ስትገቡ ከቤተ ክርስቲያን ደወል ቀጥሎ የምትሰሙት የሩዝ መፈልፈያ ድምፅ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የእኛ ገበሬ ሩዙን በኅዳርና በታኅሣሥ አጭዶ ወቅቶ ሲጨርስ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። አሁን ልሽጠው ወይስ እስከ ክረምት ላቆየው? ሁሉም ሰው በሚሸጥበት በታኅሣሥ ዋጋው ዝቅ ይላል፤ በሐምሌ ደግሞ ጎተራው ሲጎድል ዋጋው ይወጣል። ለምሳሌ ያህል ኩንታሉ በታኅሣሥ 4,000 ብር ነው፣ በሐምሌ 4,800 ይገባል ተብሎ ይጠበቃል እንበል። በሰባት ወር 20 በመቶ ማለት ነው። ገበሬው ለማዳበሪያና ለሠርግ የተበደረው ብር ካለበት፣ ብድሩም በወር 5 በመቶ የሚታሰብ የአራጣ ብድር ከሆነ፣ በሰባት ወር 35 በመቶ ወለድ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ዛሬውኑ ሸጦ ዕዳውን ይከፍላል። ብድሩ በወር አንድ ተኩል በመቶ ቢሆን ግን ሰባት ወሩ 10.5 በመቶ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ሩዙን ያቆያል። አያችሁ? የኩንታሉን ዕጣ የወሰነው ወለድ ነው። ወለድ ሲጨምር በታኅሣሥ የሚሸጠው ሰው ይበዛል፣ የታኅሣሥም ዋጋ ይበልጥ ይወርዳል። ወለዱን የወሰነው አካል ግን ስለ ፎገራ ሩዝ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

አክሲዮንም እንደዚያው ነው። በዓመት 200 ብር የትርፍ ድርሻ የሚከፍል አክሲዮን አለ እንበል። ሰው ገንዘቡን ሌላ ቦታ አስቀምጦ 10 በመቶ የሚያገኝ ከሆነና ከዚህም ያንኑ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ለአክሲዮኑ እስከ 2,000 ብር ይከፍላል። ሌላ ቦታ 20 በመቶ ማግኘት ከቻለ ግን ከ1,000 ብር በላይ አይከፍልም። ባንኩም ያው፣ ትርፉም ያው፤ ዋጋው ግን በግማሽ ወረደ። ስለዚህ ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የፖሊሲ ወለድ ተመን ሥርዓት ሲጀምርና 15 በመቶ ብሎ ሲያውጅ፣ የዋጋ ንረትን ለመቆጣጠር አስቦ ያደረገው ቢሆንም የአክሲዮንን ዋጋ መንካቱ የማይቀር ነው። ይህ የሚነቀፍበት ነገር አይደለም። ሥራው ነው።

እንዲያውም በኢትዮጵያ ነገሩ ከዚህም ይጠነክራል። ምክንያቱም አገራችን ውስጥ ሕዝብ በብዛት የያዘው አክሲዮን የባንክ አክሲዮን ነው፤ ባንኮችን ደግሞ የሚፈቅደውም፣ የሚቆጣጠረውም፣ የሚቀጣውም ብሔራዊ ባንክ ነው። ባለፉት ዓመታት ያወጣቸውን መመሪያዎች ብቻ እንይ። ከሚያዝያ 2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር የ27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ተገደው ነበር፤ ሰነዱ የሚከፍለውም ለቆጣቢ ከሚከፈለው ወለድ ያነሰ ነበር። ይህ የተነሳው በኅዳር 2012 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የውጭ ዜግነት የወሰዱ ትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክና የኢንሹራንስ አክሲዮናቸውን እንዲለቁ ታዘዙ፤ የተመለሰላቸው በአክሲዮኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ ብቻ ሲሆን በጨረታ የተገኘው ብልጫ ወደ መንግሥት ገባ። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ሕግ እንደገና ባለአክሲዮን መሆን ተፈቀደላቸው። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የባንኮች ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አለ፤ ለነባሮቹም እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. የሚደርስ ጊዜ ተሰጣቸው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣራ ተበጀለት፤ ጣራው በኋላ ከፍ ተደርጓል።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱም "የአክሲዮንን ዋጋ ለመለወጥ" ተብሎ አልወጣም። ሁሉም ግን የባለአክሲዮኑን ኪስ ነክተዋል።

የካፒታሉ መመሪያ ወረታ ድረስ እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ። ባንኮቹ 5 ቢሊዮን መሙላት ነበረባቸው፤ ለመሙላት አክሲዮን መሸጥ ነበረባቸው፤ ለመሸጥ ደግሞ ሰው ወዳለበት መውጣት ነበረባቸው። ስለዚህ በ2014 ዓ.ም. ከተማችን ውስጥ አክሲዮን የሚያሻሽጡ ልጆች በገበያ ቀን ወረቀት ይዘው ይዞሩ ጀመር። ከጉማራ ወንዝ አጠገብ በሞተር እየሳበ ሽንኩርት የሚያለማው አጎቴ የዚያ ዓመት ሽንኩርት ቀንቶት ነበር። የሽንኩርቱን ብርና የአንድ በሬ ዋጋ ጨምሮ የ30,000 ብር አክሲዮን ገዛ። ባንኩን አልጠራውም፤ የየትኛውም ባንክ ታሪክ ሊሆን ይችላል። "በባንክ ቢቀመጥ ብሩ ይሟሟል" አለ። አልተሳሳተም። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. 7 በመቶ ሲደረግ የተሻለ መስሎ ነበር፤ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ግን የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሄዷል። ሰባት እየሰጡ ሠላሳ የሚወስዱበት ቁጠባ ቁጠባ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ልጁ ታመመችበትና ብር ቸገረው። አክሲዮኑን ልሽጥ አለ። ለማን? በስንት? ቅርንጫፉ ሄዶ ጠየቀ፤ ገዢ ራስህ ፈልገህ አምጣና ስሙን እናዛውራለን አሉት። ባንኩ በአዲሱ ገበያ ላይ ገና አልተመዘገበም። ከተማ ውስጥ አንድ ነጋዴ 22,000 ልስጥህ አለው። ከዚያ ሌላ የጠየቀው ሰው የለም። ለጥምቀት ቤት ስገባ ወረቀቱን አውጥቶ አሳየኝና፣

"ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ ልጄ" አለኝ። "ብሔራዊ ባንክ የሚሉት አለቃቸው አይደለም እንዴ? ታዲያ ዋጋው እንዳይወርድ ለምን አያዝልንም? እናንተ የምትማሩት ምኑን ነው?"

እንግዲህ ሦስት ዓመት የተማርኩት ሁሉ እዚያች ጥያቄ ላይ ተፈተነ። እኔም፣ "ጋሼ፣ የደርግ ጊዜ ኮታ ትዝ ይልዎታል?" አልኩት። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ገበሬውን በተቆረጠ ዋጋ እህል አስረክብ ይለው እንደነበር፣ ኮታ መሙያ ያጣው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረክብ እንደነበር አገራችን ውስጥ ሽማግሌ ሁሉ ያስታውሳል። ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው። ዋጋን በትእዛዝ መቁረጥ ምን እንደሚያመጣ ለማስረዳት ነበር ያነሳሁት።

አጎቴ ግን በዋዛ የሚረታ ሰው አይደለም። "እሱማ ሊወስዱብን ነበር" አለኝ። "እኔ የምለው ይስጡን ነው።"

እውነት ለመናገር ጥሩ መልስ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ በዓለም ላይ የሚከራከሩ ብዙ ምሁራንም ከዚህ የተሻለ አልተናገሩም። ገበያው ሲወድቅ የሚጎዳው ሰው እውነተኛ ሰው ነው፤ ልጁ የታመመችበት ሰው ነው። ታዲያ ማዳን እየተቻለ ለምን ዝም ይባላል? ስለዚህ "ገበያ ያውቃል" ብሎ መገላገል ተገቢ አይመስለኝም። በሦስት ምክንያት ግን አሁንም አይገባም እላለሁ።

አንደኛው፣ የሚሰጠው ከየት መጥቶ ነው የሚለው ነው። ብሔራዊ ባንክ የአክሲዮንን ዋጋ ለመደገፍ አክሲዮን መግዛት አለበት፤ የሚገዛበትን ብር ደግሞ ራሱ ይፈጥራል። ያ ብር ወደ ገበያ ሲገባ ዘይትና ጨው ይወደዳል። የአጎቴ ጎረቤት አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አክሲዮን የሚባል ነገር ሰምታም አታውቅም። የአጎቴ አክሲዮን ከ22,000 ወደ 30,000 እንዲመለስ እሷ በዘይት ዋጋ ትከፍላለች ማለት ነው። እንዲህ ብዬ ስነግረው አጎቴ ዝም አለ። የብሔራዊ ባንክ ተቀዳሚ ሥራ የዋጋ መረጋጋት ነው የምንለው ለዚህ ነው፤ ብር የሁሉም ነው፣ አክሲዮን ግን የአንዳንዱ ነው። ደግሞም አጎቴን መጀመሪያ ወደ አክሲዮን የገፋው የብሩ መሟሟት አልነበረም እንዴ? ብሩ ዋጋውን ቢጠብቅ ኖሮ በሬውን አይሸጥም ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት የእኛው አገር ልዩ ሁኔታ ነው፤ መጽሐፎቻችን ብዙም አያነሱትም። በሌሎች አገሮች ገበያ ላይ ፋብሪካውም፣ የማዕድን ኩባንያውም፣ መደብሩም አለ። የእኛ ገበያ ግን የተከፈተው በባንክ ነው፤ ባንኮች ደግሞ የብሔራዊ ባንክ ተቆጣጣሪ እጅ ሥር ናቸው። የአንድ ባንክ አክሲዮን ሲወድቅ ብሔራዊ ባንክ ቢደግፈው ሕዝቡ ምን ይላል? "አንድ የሚያውቁት ነገር አለ" ይላል። ባይደግፈውስ? "ጥለውታል" ይላል። ሌላውን ደግፎ ይሄንን ቢተወው ደግሞ የባሰ ነው። ዳኛ ሆኖ ኳስ የሚመታ ሰው ጎል ባያገባም ጨዋታው ተበላሽቷል። ከዚህም በላይ፣ የአክሲዮን ዋጋ ለተቆጣጣሪው ራሱ ምልክት ነው። አንድ ባንክ መጥፎ ብድር እንደበዛበት ከሪፖርቱ በፊት የሰው ወሬና የአክሲዮኑ ዋጋ ሊናገር ይችላል። ዋጋውን ራሱ ከያዘው ግን የሚያየው የገዛ እጁን ነው።

ሦስተኛው፣ መግባት ቀላል ሲሆን መውጣት ከባድ መሆኑ ነው። ለዚህ የሌላ አገር ምሳሌ ይጠቅመናል። የጃፓን ባንክ እ.ኤ.አ. ከ2010 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂቱ አክሲዮኖችን በጥቅል የያዙ ፈንዶችን መግዛት ጀመረ። ጥቂት የተባለው እያደገ ሄዶ እስከ መጋቢት 2024 ድረስ ቆየ። በመስከረም 2025 ቀስ እያልኩ እሸጣለሁ ብሎ አስታወቀ፤ ባቀደው ፍጥነት ሸጦ ለመጨረስ ግን ከ100 ዓመት በላይ ይፈጅበታል! ፈጥኖ ቢሸጥ ገበያውን ይጥለዋል፤ ካልሸጠ ደግሞ ሳይፈልግ የአገሪቱ ትልቁ ባለአክሲዮን ሆኖ ይኖራል።

እርግጥ ነው፣ ተሳካለት የሚባል ምሳሌም አለ፤ ሚዛናዊ ለመሆን መጥቀስ ይገባኛል። በነሐሴ 1998 እ.ኤ.አ. የሆንግ ኮንግ የገንዘብ ባለሥልጣን በሁለት ሳምንት ውስጥ 118 ቢሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ገደማ አውጥቶ አክሲዮን ገዛ። ብዙዎች ነቅፈውት ነበር፤ በመጨረሻ ግን ገበያው ተረጋጋ፣ መንግሥትም አተረፈ። ሆኖም ልብ በሉ። ያ የተደረገው ለአክሲዮን ባለቤቶች ታስቦ ሳይሆን ገንዘቡንና ገበያውን በአንድ ጊዜ ያጠቁ የነበሩ ነጋዴዎችን ለመመለስ ነበር፤ አንዴ ተደርጎ ቆመ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አክሲዮኖቹን በፈንድ መልክ ለሕዝብ መልሶ መሸጥ ጀመረ። በዚያ ላይ ለዚያ የሚበቃ ትልቅ የውጭ ምንዛሪ ክምችት ነበረው። ምንዛሪ ለማግኘት ስንት ዓመት ወረፋ ለጠበቀች አገር ይህ የሚቀዳ ምሳሌ አይደለም።

ከመግዛት ይልቅ መናገር ብቻ አይበቃም ወይ የሚል ይኖራል። የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ ሊቀመንበር አለን ግሪንስፓን በታኅሣሥ 1996 እ.ኤ.አ. ባደረጉት ንግግር ገበያው ከምክንያት ውጪ ግሎ ይሆን ወይ የሚል ጥያቄ ጣል አድርገው ነበር። ገበያዎች ለአንድ ቀን ደነገጡ፤ ከዚያ ከሦስት ዓመት በላይ መውጣታቸውን ቀጠሉ። የወደቁት እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ንግግሩ ልክ ነበር ብንል እንኳ በንግግሩ አምኖ በ1996 የሸጠ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ሲቆጨው ኖሯል። ዋጋው መቼ ትክክል እንደሆነ ማዕከላዊ ባንክም አያውቅም። የእኛ አገር የሽንኩርት ገበሬ ይህንን ያውቃል። ዘንድሮ ሽንኩርት ተወደደ ተብሎ ሁሉም ሽንኩርት ይተክላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ክምሩ ማሳ ላይ ይበሰብሳል። "ከፍ ብሏል" ማለት ቀላል ነው፤ መቼ እንደሚወርድ መናገር ግን ሌላ ነው።

ታዲያ ብሔራዊ ባንክ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ? በፍጹም። እዚህ ላይ ወደ ፎገራ ሜዳ ልመልሳችሁ። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። ይህ ዛሬ የመጣ አይደለም። ድሮ ውኃ የሚተኛበት መሬት ለጤፍም ለዳጉሳም አይሆንም ነበር። በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ የተሞከረው ሩዝ ሲመጣ ግን ነገሩ ተቀየረ። ጎርፉን ማንም አላቆመውም፤ ውኃ የሚችል ሰብል ተዘራ እንጂ። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ደግሞ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። በእኔ አስተያየት የማዕከላዊ ባንክ ሥራ ይሄው ነው፤ የውኃውን ከፍታ ማዘዝ ሳይሆን ውኃ ሲመጣ የማይሞቱ ባንኮች እንዲኖሩ ማድረግ።

ይህ በተግባር ሲታይ የሚከተለውን ይመስላል። ባንኮች በቂ ካፒታል እንዲኖራቸው ማስገደድ፤ የ2013ቱ መመሪያ ባንኮችን አክሲዮን ሻጭ ቢያደርጋቸውም በዚህ በኩል ልክ ነበር። አክሲዮን በመያዣነት ተይዞ ወይም አክሲዮን ለመግዛት ተብሎ የሚሰጥን ብድር በጥብቅ መገደብ፤ ምክንያቱም አገር የሚያፈርሰው የራሱን ብር ያጣ ባለአክሲዮን ሳይሆን የቆጣቢን ብር ተበድሮ ያጣው ነው። ድንጋጤ ሲመጣ ደግሞ ጤነኛ ለሆኑ ባንኮች በመያዣና በወለድ ጥሬ ገንዘብ ማበደር። ጥቅምት 19 ቀን 1987 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ገበያ በአንድ ቀን 22.6 በመቶ ሲወድቅ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በማግስቱ ያደረገው ይህንኑ ነው። አንድም አክሲዮን አልገዛም፤ ባንኮች ጥሬ ገንዘብ እንደማያጡ አስታወቀ፣ ቃሉንም ጠበቀ። ዋጋው በራሱ ጊዜ አገገመ።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ይህ ለእኛ አገር ከሁሉም የሚብስ ይመስለኛል። ብሔራዊ ባንክ መንካቱ ካልቀረ ሲነካ ሰው እያየው ይንካ። በድንገት ዓርብ ማታ የሚወጣ መመሪያ ትልቁን የአዲስ አበባ ባለሀብት ብዙም አይጎዳውም፤ እሱ የሚያውቀው ሰው አለው፣ ቀድሞ ይሰማል። የሚጎዳው የወረታው ሰው ነው። መመሪያው ከመውጣቱ በፊት ረቂቁ ይፋ ቢሆን፣ ምክንያቱ በአማርኛና በሌሎቹ ቋንቋዎቻችን በግልጽ ቢጻፍ፣ ከሥራ ላይ መዋያው ቀን በፊት በቂ ጊዜ ቢሰጥ፣ ዋጋን ከመደገፍ ይልቅ ባለአክሲዮኑን የሚጠቅመው እሱ ነው።

ወደ አጎቴ ጥያቄ ስመለስ፣ ነገሩን በጥሞና ካየነው የእሱ ችግር የዋጋ መውረድ እንኳ አልነበረም። ዋጋ አለመኖር ነበር። አንድ ነጋዴ 22,000 ብር ስላለ አክሲዮኑ 22,000 ያወጣል ማለት አይደለም፤ 40,000 ሊያወጣም ይችላል፣ 15,000ም ሊሆን ይችላል። ሩዝ ይዞ ወረታ ገበያ የሚገባ ሰው ሦስት አራት መፈልፈያ ቤት ጠይቆ ዋጋውን ያውቃል፤ አክሲዮን ይዞ የሚገባ ግን የሚጠይቀው የለም። ይህንን የሚፈታው ገዢና ሻጭ የሚገናኙበት ቦታ፣ የኩባንያውን ሒሳብ በእውነት የሚያሳይ ሪፖርት፣ ሻጩን ከአጭበርባሪ የሚጠብቅ ሕግ ነው። ለዚህ ደግሞ በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የተቋቋመ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን አለ። ሥራው የእሱ ነው። ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ጠባቂ ቢሆን ኖሮ የአጎቴ አክሲዮን ዋጋ ያው ሳይታወቅ ይቀር ነበር፤ በላዩ ላይ ግን ማኅተም ይመታበታል።

ይህ ክርክር ነገ ከነገ ወዲያ ይጠናከራል። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 10 በመቶ ድርሻውን፣ አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ በቴሌብር ለሕዝብ ሲያቀርብ ከ47 ሺህ በላይ ሰው ገዝቷል። ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ቢሆንም፣ ስልክ ያለው ሁሉ ባለአክሲዮን መሆን የሚችልበት ዘመን መጥቷል ማለት ነው። ባለአክሲዮኑ በበዛ ቁጥር "ዋጋው ወረደብን፣ መንግሥት ምን ይሠራል?" የሚለው ድምፅም ይበዛል። ያን ጊዜ እምቢ ማለት ከባድ ይሆናል። ስለዚህ ብሔራዊ ባንክ እምቢ የሚልበትን ምክንያት ገበያው ገና ልጅ ሳለ፣ ማንም ሳይከስር፣ ዛሬ በግልጽ ቢናገር ይሻላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን።

እኛ የክፍሉ ተማሪዎችም ድርሻ አለን። ነገ ከመካከላችን አንዳንዱ በባንክ፣ አንዳንዱ በዚያው በብሔራዊ ባንክ፣ አንዳንዱ በካፒታል ገበያው ውስጥ ይቀጠራል። እስከዚያው ግን ሁላችንም ለበዓል ቤት ስንገባ ወረቀት አውጥቶ "ይሄ ስንት ያወጣል?" የሚለን ዘመድ አለን። "ገበያው ያውቃል" ብለን ብንመልስለት አልተማርንም ማለት ነው። አክሲዮን ከመግዛቱ በፊት "ስሸጥ ለማን ነው የምሸጠው?" ብሎ እንዲጠይቅ፣ ያለውን ሁሉ አንድ ቦታ እንዳያስገባ፣ ለችግር ቀን የሚሆነውን ብር በእጁ እንዲያቆይ ብንነግረው ግን ከማንኛውም የዋጋ ድጋፍ የተሻለ እናደርግለታለን። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይሉ የለ አበው?

አስተያየታችሁን፣ በተለይም የማትስማሙትን፣ በሚቀጥለው ዕትም ለማንበብ እጓጓለሁ። ቸር እንሰንብት።